ክሎሪን ያልገባበት ገንዳ

ላሊበላ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስመጣ የተሰጠኝ ቤት ጓሮው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ነበረው። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ አመጣጡን ላስረዳ። ቤቱን ያሠራው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ምንጩ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ የድንጋይ ቤት ሠራ። ከቤቱ ኋላ ያለውን ቀይ አለት አስፈልፍሎ፣ ውስጡን በሲሚንቶ አስለስኖ፣ ከምንጩ በቀጭን ቧንቧ ውሃ ሳበበት። አለት መፈልፈል ለላሊበላ ሰው ብርቅ ስላልሆነ ሥራው ማንንም አላስደነቀም። ሰውን ያስደነቀው ለመጠጥም ለጥምቀትም ያልሆነ ያን ያህል ውሃ መከማቸቱ ነበር።

አብዮቱ ሲፈነዳ መሐንዲሱ ሄደ። ቤቱ የመንግሥት ሆነ፤ መንግሥት ደግሞ ለጤና ጣቢያው ሠራተኛ መኖሪያ አደረገው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ትንንሽ ልጆች ስለነበሩት ገንዳውን ፈርቶ ቤቱን አልፈለገውም። እኔ ያኔ አላገባሁም፤ ለእኔ ደረሰኝ።

ሥራዬ ሳኒታሪያን ነበር። ምንጭ አጎለብታለሁ፣ የጉድጓድ ውሃ በክሎሪን አክማለሁ፣ መጸዳጃ አስቆፍራለሁ፣ የሥጋ ቤቱንና የጠጅ ቤቱን ንጽሕና እቆጣጠራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ጓሮው የሸተተ ኩሬ ይዞ መኖሩ ያሳፍራል። ገንዳው የክረምት ውሃ አቁሮ፣ ላዩ አረንጓዴ ለብሶ፣ እንቁራሪት ሲንጫጫበት ይውል ነበር። በአፈር ልደፍነው ቆርጬ ሰዎች ማነጋገር ጀምሬ ነበር። ያስቆመኝ የእህቴ እግር ነው።

እህቴ በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ብልባላ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ መሪጌታ አግብታ እዚያው ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከላሊበላ ገበያ ወደ ቤቷ ስትመለስ በቅሎዋ ቁልቁለቱ ላይ ደንብራ ጣለቻት፤ ጭኗ ተሰበረ። የአገሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ እኔ አመጣት፤ እኔ ደግሞ በጭነት መኪና ደሴ ሆስፒታል አደረስኳት። እዚያ ብዙ ከተኛች በኋላ አጥንቱ ገጠመ። ይሁን እንጂ እግሯ መንምኖ፣ ዳሌዋ አልታጠፍ ብሎ፣ በግራና በቀኝ ተደግፋ እንኳ መቆም ተሳናት።

ከሆስፒታል የምትወጣ ዕለት ሐኪሙ ጠራኝ።

"አጥንቱ ደኅና ነው" አለኝ። "የሰለለው ጡንቻው ነው። ካልተንቀሳቀሰ እንደዚሁ ይቀራል። መሬት ላይ ደግሞ ክብደቷን አይችልላትም። እንደ እሷ ላለ ሰው የሚሻለው ውሃ ውስጥ መራመድ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ ላስታ ውስጥ መዋኛ ከየት ይመጣል?"

"እኔ ቤት አለ" አልኩት።

የማሾፍ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። ታሪኩን ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ግን ፊቱን ኮስተር አደረገ።

"የቀዶ ጥገናው ቁስል የተዘጋው በቅርቡ ነው። ጠርዙ ላይ ገና እርጥብ ያለ ቦታ አለ። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ጨርሶ ባትገባ ይሻላል። ክሎሪን ታገኛለህ?"

"ጤና ጣቢያው አለው" አልኩት።

አለው ማለት ግን ይተርፈዋል ማለት አልነበረም። በዚያ ዘመን የክሎሪን ዱቄት የሚመጣልን ከደሴ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይቆረጣል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ መኪናው ለዘመቻ ይወሰዳል። የደረሰንን በማንኪያ እየሰፈርን ሰው በሚጠጣባቸው ምንጮችና ጉድጓዶች ላይ ነበር የምናውለው። መዋኛ ገንዳ ደግሞ ክሎሪን አይጠግብም። ፀሐይ ይበላዋል፣ ቅጠል ይበላዋል፣ የሰው ገላ ይበላዋል፤ ዛሬ የጨመርከው ከነገ ወዲያ የለም። ያን ገንዳ ለጥቂት ሳምንት የሚያጸዳው ዱቄት ለስንትና ስንት መንደር ምንጭ ይበቃ ነበር። ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ "ትንሽ ውሰድ፤ ለሕመምተኛ ነው" ብሎኝ ነበር። ወደ ቤት ሄጄ፣ ከደሴ አምጥቼ እኔ ዘንድ ላሳረፍኳት እህቴ ነገርኳት። መደቡ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ባሏ መሪጌታ አጠገቧ አሉ።

"ክሎሪን የምትለው ያ የሚሰነፍጠው፣ ምንጭ ላይ የምታደርጉት ዱቄት ነው?" አለችኝ።

"እሱው ነው፣ እታለም።"

"እንግዲያ ይቅር። ልጆች ከሚጠጡት ተቀንሶ እኔ አልነከርበትም። ሌላ መላ የለህም?"

እህቴ ይቅር ካለች ይቀራል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ስለዚህ ሌላ መላ ማሰብ ያዝኩ።

መጀመሪያ ሐሳብ ያመጡት መሪጌታ ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ነገር ከመናገራቸው በፊት ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉ ሰው ናቸው።

"ጨውስ?" አሉኝ። "ሥጋን ከመበስበስ የሚጠብቅ ጨው ውሃን አይጠብቅም?"

"ይጠብቃል፣ የኔታ። ግን ውሃው እንደ ባሕር እስኪመር ድረስ መጨመር ይኖርብናል።"

"ብዙ አሞሌ ይፈልጋል ማለት ነው?"

"ከአፋር የሚወጣው የግመል ጭነት በሙሉ እኛ ጓሮ ቢራገፍ ይበቃን ይሆናል።"

ጋቢያቸውን አስተካከሉና "ይህስ ቅንጦት ነው" ብለው ተዉት።

እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርኩትን አስታወስኩ። እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ይገድላል ተብለን ነበር። ሴቶቻችንም ልብስ የሚያጥቡበት ነው፤ የግድግዳውን አረንጓዴ ዝልግልግ የማያስለቅቅበት ምክንያት አልታየኝም። አሮጌውን ውሃ በባልዲ አስቀድቼ ከጨረስኩ በኋላ እንዶድ አስወቅጬ ግድግዳውንና ወለሉን በቡርሽ አስፈገፈግኩ። ሲሚንቶው ነጣ። ደስ ብሎኝ፣ አረፋውን በደንብ ሳላለቀልቅ ውሃ ለቀቅኩበት። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ከየጥጉ ተመልሰው የገቡት እንቁራሪቶች ሁሉ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። እህቴ በበሩ በኩል ታየዋለች።

"እኔንም እንዲህ ልታደርገኝ ነው?" አለች።

"አጥቤ እንደገና እሞላዋለሁ።"

"ሙላው። እኔ ግን ከእንቁራሪት በኋላ ነው የምገባው። እነሱ ገብተው በደኅና ከወጡ እገባለሁ።"

እንደገና ቀድተን ጨረስን፤ እንደገና አጠብን፤ እንደገና ሞላን። የምንጩ ቧንቧ ቀጭን ስለነበር ገንዳው እስኪሞላ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ መሰልኩ። ከሞላ በኋላ ደግሞ ፀሐይ አገኘውና ወዲያው መልሶ አረንጓዴ ያዘው። ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። እዚያ ለተክል በሽታ የሚረጩት መዳብ ያለበት ሰማያዊ መድኃኒት ነበራቸው። ባለሙያው ጓደኛዬ ስለነበር ጥቂት ቆንጥሮ ሰጠኝ። በጨርቅ ቋጥሬ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ዕለት ዕለት አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ ውሃው ጠራ፤ ወለሉ ላይ ያለች ጠጠር ሳትቀር ታየች። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ።

"ጠራ እኮ" አለች እህቴ። "ዛሬ ልግባ።"

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"ጠራ እንጂ አልጸዳም። መዳቡ የገደለው አረንጓዴውን ነው። በሽታ የሚያመጣውን በሚገባ አይገድለውም። እሱ ደግሞ በዓይን አይታይም።"

"በዓይን ካልታየ እንዴት አወቅኸው?"

"ቁስልሽ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ቁስልሽ ከሚነግረኝ እኔው ቀድሜ ብነግርሽ ይሻላል።"

ተናደደች። መንቀሳቀስ አለመቻሏ አንሷት ውሃውን ደጃፏ ላይ እያየች መከልከሏ አስመረራት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። ምሳ ስወስድላት ግን መለስ ብላ፣ እንዲያው ለነገር ያህል፣

"ለመሆኑ እኔ አንዲት ሴት ነኝ" አለች። "ይህ ሁሉ ውሃ የማን ነው? ፈረንጁ ሊዋኝበት ሠራው፤ እኔ አልዋኝ። ስድስት እርምጃ ሄጄ ልመለስበት አይደለም ወይ?"

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። እስከዚያ ድረስ ስጨነቅ የከረምኩት ብዙ ውሃ ሳይበላሽ እንዴት ይሰነብታል እያልኩ ነው። መሰንበቱ ምን ያደርጋል? ጥቂት ውሃ ከሆነ ሳይሰነብት ይለወጣል። ውሃን የሚያቆሽሸው ሰውና ጊዜ ነው፤ ሰው አንድ ከሆነ፣ ጊዜውም አጭር ከሆነ፣ መድኃኒቱም ብዙ አያስፈልግም።

የአብያተ ክርስቲያናቱን አጥር የሚጠግን አንድ ግንበኛ አመጣሁ። የገንዳውን ጥልቀት የሌለውን ጫፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ግድግዳ ለየው። የተለየው ክፍል ረዘም ያለ ጠባብ መተላለፊያ ይመስላል፤ ውሃው ከእህቴ ደረት አያልፍም። ግንበኛው ባንድ በኩል ደረጃ፣ በሌላው በኩል የወይራ እንጨት መደገፊያ አበጀለት። ከታች ደግሞ ቀዳዳ አውጥቶ በቆዳ በተጠቀለለ እንጨት ወተፈው። ያን መወተፊያ መንቀል ማለት ውሃውን በሙሉ መልቀቅ ነው፤ በባልዲ መቅዳት ቀረልን።

የገንዳው ወግ ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ። ከምንጩ የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል በተደረደረበት በርሜል ውስጥ ያልፋል። አሸዋውን ከወንዝ አስመጥቼ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አጠብኩት። በርሜሉ ውሃውን ቀስ አድርጎ ነው የሚያወርደው፤ አይቸኩልም፣ እኔም አላስቸኮልኩትም። እህቴ ከመግባቷ በፊት ፈልቶ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ትታጠባለች። ቁስሉ ያለበትን ጠርዝ ራሴ አየዋለሁ፤ ከቀላ ወይም ካዠ ያን ቀን መግባት የለም። ውሃው ሁለት ቀን ካገለገለ ይለቀቃል። ከዚያ ግድግዳው በኖራ ይታጠባል፤ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ፀሐይ ይመታዋል፤ በማግስቱ ይለቀለቅና ይሞላል። ኖራው የቀረውን ይገድላል፣ ፀሐይም የበኩሏን ትሠራለች። የሚለቀቀው ውሃ በቦይ ወርዶ ወደ ጤና ጣቢያው የጎመን መደብ ይገባል። ከመደቡ በላይ ደግሞ ቦዩ ዳር ሰፊ ድንጋይ አስቀመጥን፤ ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል።

መጀመሪያ የገባችበትን ቀን አልረሳውም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ላሊበላ ደጋ ነው፤ ውሃው ቀትር ላይ እንኳ ይነክሳል። እህቴ የመሪጌታ ሚስት ናት፤ ገላዋ ሊታይ አይደለም። እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ወፍራም ቀሚስ ለብሳ፣ ጠርዙ እንዳይንሳፈፍ ትንንሽ ጠጠር ሰፍታበት፣ ራሷን በሻሽ አስራ መጣች። መሪጌታ "ሚስቴን ሌላ ሰው አይይዛትም" ብለው ራሳቸው አቅፈው ደረጃው ላይ አደረሷት። ከዚያ በኋላ ግን ማየቱ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ዳዊታቸውን መድገም ጀመሩ። እኔ መደገፊያው አጠገብ ቆምኩ።

ውሃው ወገቧ ሲደርስ ትንፋሿ ተቆረጠ። ደረቷ ሲደርስ መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

"እግሬ የት ሄደ?" አለች።

"እዚያው አለ።"

"አይከብደኝም እኮ። ከወደቅኩ ጀምሮ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።"

ደኅናውን እግሯን አነሳች፣ አስቀመጠች። ከዚያ የታመመውን። ሲንቀጠቀጥ ቀሚሷ ላይ ይታያል። አንድ እርምጃ ሄደች። መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግማሉ፤ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን ሳይዞሩ ያዳምጣሉ። ሌላው ጫፍ ስትደርስ መዝሙሩን መሀል ላይ አቁመው፣

"ደረሰች?" አሉኝ።

"ደርሳለች፣ የኔታ።"

"ተመስገን" አሉና ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የዕለት ሥራ ሆነ። ከምሳ በፊት ጤና ጣቢያውን ትቼ እመጣለሁ፤ እሷ ትገባለች፤ መሪጌታ ካሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ለአገልግሎት ብልባላ ከሄዱ ጎረቤታችን የሆነች መነኩሲት ትይዛታለች። እግሯ ላይ ቀስ በቀስ ሥጋ ተመለሰበት። ቁስሉም በሚገባ ደረቀ።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገባ። ሰዉ ውሃ በእንስራ ከምንጭ እየቀዳ፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ የሕዝቡን ክሎሪን ጓሮው ውስጥ አፍስሶ ከዘመዶቹ ጋር ይዋኛል ተባለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ ቀላል አልነበረም። ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ የከረመ ሰው አውቃለሁ። አንድ ቀን ቀትር ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ከያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር በጓሮው በር ገባ። እህቴ ውሃው ውስጥ ናት። መነኩሲቷ ነጠላዋን ዘርግታ ልትከልላት ተሯሯጠች።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አዲስ ሥልጣን ይዟል፤ ሰውም ያየዋል።

"ጓድ" አለኝ። "ሕዝብ የሚጠጣው ክሎሪን እዚህ ይፈሳል ተብሏል። ምን ትላለህ?"

"አንድ ማንኪያ አልገባበትም" ብቻ አልኩ።

"እንግዲያ ውሃው በምን ጠራ?"

ስለ አሸዋው፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ኖራው ማስረዳት ጀመርኩ፤ ቃሉ ግን ተደነባበረብኝ። እህቴ ናት ያቋረጠችኝ። ከነጠላው ኋላ፣ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ሆና፣ በረጋ ድምፅ ተናገረች።

"ልጄ፣ አንተ ክሎሪን ሲራገፍ ጤና ጣቢያ ተሸክመህ የለም ወይ? ሽታውን ታውቀዋለህ። ጎንበስ በልና አሽትተው። እኔ የመሪጌታ ሚስት ነኝ፤ እግሬ ተሰብሮ ነው የገባሁት። ጌጥ መስሎህ ከሆነ ና ግባ፤ ብርዱን ቅመሰው።"

አንደኛው ጠባቂ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ዘገነና አሸተተ። ቅዝቃዜው ተሰማው መሰለኝ እጁን ቶሎ አራገፈ። ከዚያ በርሜሉን ዞሮ አየ፤ ቦዩን ተከትሎ ወረደና የጎመኑን መደብ አየ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አንድ ሁለት ነገር ጠየቃቸው። ተመልሶ ሲመጣ እህቴን ነው ያናገረው፤ አነጋገሩም ወደ አንቱታ ተለውጦ ነበር።

"እግርዎ ተሻለዎት?"

"መሬት ላይ ገና ነኝ። ውሃ ውስጥ ግን እሄዳለሁ።"

"ጉልበት የታመመ ሰውስ ይረዳዋል?"

"እሱን ወንድሜን ጠይቀው።"

"ሊረዳ ይችላል" አልኩ። ጠባቂዎቹን አስከትሎ ሄደ። በዚያ ሳምንት እናቱን በአህያ አስቀምጦ አመጣቸው። ጉልበታቸው አብጦ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ካቆሙ የቆዩ አሮጊት ነበሩ።

እዚህ ላይ አዲስ ጭንቅ መጣብኝ። መላዬ የሠራው ለአንድ ሰው ነው። ሁለት ሲሆኑ ውሃው ቶሎ ይቆሽሻል፤ ሦስት ሲሆኑ ክሎሪን የሌለው ገንዳ በሽታ ማከፋፈያ ይሆናል። ለሊቀመንበሩ እናት ይህን በግልጽ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ሲሰሙኝ ቆይተው "ታዲያ ተራ አበጅልን" አሉኝ። ተራ አበጀን። እህቴ በአዲሱ ውሃ ትገባለች፤ በሚቀጥለው ሙሌት ደግሞ እሳቸው። አንዷ በታጠበበት ሌላዋ አትገባም። የምንጩ ውሃ ቢቀጥንም ለዚህ ያህል በቃን።

ቆይቶ ሊቀመንበሩ ከጠባቂዎቹ አንዱን፣ ዘምቶ የተመለሰ ወጣት፣ ወደ እኔ ላከው። ባቱ ላይ መግል የያዘ ቁስል አለው።

"ሊቀመንበሩ ውሃው ውስጥ ግባ ብሎኛል" አለኝ።

"አትገባም።"

"ትእዛዝ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ግን ይህ ቁስል ከገባ እነዚያ ሴቶች የሚወጡት ታመው ነው። ክሎሪን ቢኖረኝ እንኳ አላስገባህም ነበር። ና፣ ጤና ጣቢያ ሄደን እንጠበው።"

ቁስሉን በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቤ አሰርኩለት፤ በየቀኑ እንዲመጣም ነገርኩት። እሱ ደስ ብሎት ሄደ፤ እኔ ግን ትእዛዝ መመለሴ እያሳሰበኝ ሰነበትኩ። መንገድ ላይ ሊቀመንበሩን ሳይ ሌላ መንገድ መያዝ ሁሉ አምሮኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ገበያ መሀል ተገናኘን። ሰላምታ ሰጠኝና፣

"እናቴ ልክ ነህ ብላለች" አለኝ። "ኖራ እያለቀብህ ነው አሉ። ሙጃ የሚሄድ ሰው አለ፤ ከዚያ ያመጣልሃል።" በዚሁ አለፈ።

እህቴና የሊቀመንበሩ እናት ወዳጆች ሆኑ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ዳር ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ወሬያቸው አያልቅም፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጾም፣ ስለ ገበያ። አሮጊቷ ጉልበታቸው አልዳነም፤ አርጅቷል። እብጠቱ ግን ቀለለላቸውና በከዘራ ቤተ ማርያም ደርሰው መሳለም ቻሉ። ለእሳቸው ይህ በቂ ነበር።

እህቴ መጀመሪያ በደረጃው ላይ ብቻዋን ወጣች። ከዚያ ከገንዳው እስከ በሩ በሁለት ምርኩዝ ሄደች፤ ቆይቶ በአንድ። ለመጨረሻው ምርመራ ደሴ ስንሄድ ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አስኬዳት።

"ክሎሪኑ በቃችሁ?" አለኝ።

"አልተጠቀምንም።"

"ታዲያ በምን አጸዳችሁት?"

"በመድፋት" አለች እህቴ። "ወንድሜ ውሃ መድፋት ነው የተማረው።"

ወደ ብልባላ የተመለሰችው መስከረም ላይ ነው፤ ሜዳው ሁሉ አደይ ለብሷል። መሪጌታ በቅሎዋን ይዘው መጡ፤ ያችኑ በቅሎ። እኔ አልወደድኩትም፤ እህቴ ግን ያለ ክርክር ተቀመጠችባት። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ግን አስቆመችን።

"አውርዱኝ" አለች። "እዚች ቦታ ላይ እኔና እሷ አንተማመንም።"

በምርኩዟ እየተደገፈች ቁልቁለቱን በእግሯ ወረደች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። መሪጌታ በቅሎዋን እየሳቡ ከኋላዋ፣ እኔ ከጎኗ። ታች ስትደርስ ላቧን ጠርጋ ተመልሳ ተቀመጠች። እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ጥቂት አነከሰች፤ ውሃ መቅዳቱንም፣ ገበያ መውጣቱንም ግን ማንም አልሠራላትም።

ገንዳው ብዙ አልቆየም። ዝናብ ጠፍቶ አገሩ ሲጎዳ ምንጩ ደከመ፤ የቀረችው ለመጠጥ ብቻ እንድትሆን ቧንቧውን ራሴ ዘጋሁት። የሊቀመንበሩ እናት በዚያው ሰሞን አረፉ። ከየገጠሩ የተራበ ሰው ወደ ከተማው መምጣት ሲጀምር የእርዳታ መኪኖች መጡ፤ ክሎሪንም ከእነሱ ጋር መጣ፤ አይተነው የማናውቀውን ያህል። ያን ጠባብ ክፍል አጥበን የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ አደረግነው። ከወንዝ በአህያ የመጣ ውሃ በአሸዋው በርሜል እያለፈ ይገባል፣ በክሎሪን ይታከማል፣ በቧንቧ ወደ መጠለያው ይወርዳል። ያን ጊዜ የሠራሁት ሥራ ብዙ ነው፤ ለዚህ ታሪክ የሚሆን አይደለም፣ ለመናገርም አይመቸኝም። ቆይቶ ወደ ወልድያ ተዛወርኩ።

ወልድያ ሳለሁ አንድ ገበሬ ከሙጃ በእግሩ መጣ። ቢሮዬን ጠያይቆ አግኝቶ በሩ ላይ ቆሞ እጅ ነሳኝ። ሚስቱ ከገደል ወድቃ ወገቧ አልንቀሳቀስ ብሏል። ብልባላ አንዲት የመሪጌታ ሚስት ወንድሟ በሠራላት ውሃ ድና ስለሄደች፣ የውሃውን መድኃኒት እንድሰጠው ይለምነኛል።

"መድኃኒት አልነበረውም፣ ወንድሜ" አልኩት። "ውሃ ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ እንለውጠው ነበር።"

"አንድ ነገርማ ገብቶበታል" አለ።

"ምንም አልገባበትም።"

አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪም ሳያያት ምንም እንዳያደርግ፣ ሆስፒታል የሚያደርሳትን መኪና ከየት እንደሚያገኝ፣ ለሐኪሙም ምን ብሎ እንደሚያስረዳ አስጠናሁት። በትሕትና ሰማኝ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ከቆመው ዘበኛ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት።

"ደኅና ሰው ነው" ይለዋል። "መድኃኒቱን ግን ደብቆኛል።"